በሰው አፍ ያለች ጥርስ

የአንኮበሩ ታመነ መከራ የጀመረው በገዛ ጥርሱ ቢሆን ደግ ነበር። ጥርስ ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ያቃስታል፣ ጎረቤት ያዝንለታል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የሱ መከራ ግን የጀመረው በሰው ጥርስ ነው፤ ያውም በደብተራ ዘርአ ዳዊት ጥርስ። አንኮበር ውስጥ ካለው ጥርስ ሁሉ አንዱን ሰንጥቅ ቢባል፣ ልብ ያለው ሰው ያቺን ይተዋታል።

ቀኑ የፊታውራሪ ወልደተንሣኤ ጦር ለዘመቻ የወጣበት የኅዳር ጠዋት ነው። ታመነ የፊታውራሪው እምቢልታ ነፊ ነበር። እምቢልታ ብቻውን አይነፋም፤ ሦስት ሰው ሦስት ቀርቀሃ ይዞ፣ አንዱ ሲተው ሌላው እየተቀበለ ነው ዜማ የሚሆነው። ከሦስቱ ታመነ መካከለኛውን ይነፋል። ድምፁ አንዲት ናት፤ ግን እሷ ከጎደለች ፊተኛውና ኋለኛው እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ተራርቀው ይቀራሉ። ይህችን ድምፅ የሚያወጣት ደግሞ በላይኛው የፊት ጥርሱ ነበር፤ ትንፋሹን እዚያ ላይ ስሎ ነው ወደ ቀርቀሃው የሚሰዳት። ከሱ በፊት የነፋው ሽማግሌ የፊት ጥርሱ በወለቀ በሳምንቱ ከግቢ ወጥቶ ዛሬ ማገዶ ይሸጣል። ታመነ ያን ሽማግሌ መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ምላሱን ጥርሱ ላይ ያሳልፋል።

ጦሩ ሲወጣ ሦስቱ በር ላይ ቆመው ነፉ። ፊታውራሪ እነሱን ትተዋቸው የሄዱት ሲመለሱ እንዲቀበሏቸው ነው። ዘርአ ዳዊት ከታመነ ኋላ ቆሞ ነበር። ለምን እዚያ እንደቆመ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዱ «ዜማውን ሊሰማ» ይላል፣ የታመነ ሚስት ንጋቷ ግን «ክስ ሊሸምት» ትላለች። ታመነ የመጨረሻዋን ድምፅ ለቆ ዘወር ሲል የቀርቀሃው ጫፍ ሄዶ የደብተራውን አፍ አገኘ።

ደም አልወጣም። ጥርስም አልወለቀም። ዘርአ ዳዊት ጣቱን ሰዶ ሲዳስስ፣ ላይኛዋ የፊት ጥርሱ መሐል ለመሐል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቃለች። ታመነ ደንግጦ «ይማሩኝ አለቃ» አለ። ሰውየው አለቃ አልነበረም፤ መባሉን ግን ይወዳል። ዛሬ ግን አልሰማውም። ፊቱ በርቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ በወሰን፣ በበግ፣ በገብስ፣ ጠፋ በተባለ ጸናጽል ሲካሰስ የኖረ ሰው ነው፤ በገዛ አካሉ ተካሶ ግን አያውቅም ነበር። የታመነን የኩታ ጫፍ ጨበጠና «በሕግ አምላክ» አለ፣ ረጋ ብሎ።

ያን ጊዜ በሸዋ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እርምጃ አይጨምርም። ዳኛ ከሌለ መንገደኛ ይፈርዳል፤ ማንም ይሁን ማን፣ የተጠራ እምቢ አይልም። በዚያ ሰዓት ሲያልፍ የተገኘው ገብረአብ የሚባል የእነዋሪ ገበሬ ነው፤ ሦስት አህያ ስንዴ ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። ያዙትና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ዘርአ ዳዊት ከአዳም አፈጣጠር ጀምሮ ወደ ጥርስ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ገብረአብ አንድ ዓይኑን ከአህዮቹ ላይ አልነቀለም።

«ወልቃለች?» አለ በመጨረሻ።

«ተሰንጥቃለች።»

«አልወለቀችማ።»

«ትወልቃለች።»

አንደኛዋ አህያ የሰው አጥር ደርሳለች። «እንግዲያው እንዲህ ነው» አለ ገብረአብ በችኮላ። «ፊታውራሪ እስኪመለሱ ጥርሲቱ ራሷ ከወለቀች፣ ጥርስ ስለ ጥርስ ነው፤ እሱም በዚያው ቦታ ያለችውን ይስጥ። ካልወለቀች ግን ድንጋይ ተሸክሞ እግርዎ ላይ ይውደቅና ይታረቁ። እስከዚያው ተቆራኙ።» የሁለቱን ኩታ ጫፍና ጫፍ ወስዶ፣ ጭነት እንደሚያስር አድርጎ ቋጠረና አህዮቹን ተከትሎ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ አንኮበር አላየውም።

ቁራኛ ማለት ይኸው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ተቋጥረው ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል። ቋጠሮውን የፈታ እንደ ተረታ ይቆጠራል። ወዴት እንሂድ ብለው ብዙ አልተከራከሩም፤ የደብተራው ጎጆ ያፈሳል፣ ምድጃውም እሳት ካየ ሰንብቷል። ወደ ታመነ ቤት ሄዱ። ንጋቷ በር ላይ ቆማ ባሏን አየች፣ ቋጠሮውን አየች፣ በቋጠሮው ጫፍ ያለውን ሰው አየች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የደብተራው ጥርስ» አለ ታመነ።

«ጥርሱን ብቻ ይዘህ አትመጣም ነበር?»

ታመነ ነገሩን ሲያስረዳት ሳቋ ጠፋ። ጥርሲቱ ከወለቀች የሱም ትወልቃለች፣ እምቢልታውም አበቃ፤ ማገዶ ሻጩ ሽማግሌ አጠገብ ቦታ ይይዛል። ጥርሲቱ ከቆየች ይተርፋል። የሚያስቆያት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የደነባው ወጌሻ ገብረ ሕይወት። የተነቃነቀ ጥርስ በብር ክር ከጎረቤቱ ጋር አስሮ ያጸናል ይባልለታል። ችግሩ፣ ወጌሻውም ከጦሩ ጋር ዘምቷል። እንግዲህ ዳኛውም ሐኪሙም በአንድ መንገድ ሄደዋል፣ በአንድ መንገድ እስኪመጡ መጠበቅ ነው። ንጋቷ እየተራገመች የጣቷን የብር ቀለበት አወለቀች፤ አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ እንደ ጠጉር የቀጠነ ክር አስሳበችው። ክሩን ጠቅልላ ለባሏ ስትሰጠው «በዚህ አንገቱን ብታስርበት ይበቃ ነበር» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታመነ የሰው ጥርስ ጠባቂ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ደብተራውን መድረኩ ላይ ያስቀምጠውና «አፍዎን ይክፈቱ አለቃ» ይላል። ዘርአ ዳዊት ይከፍታል። ታመነ ጎንበስ ብሎ ያያል። ገበሬ ወሰኑን እንደሚያውቅ ስንጥቋን አወቃት፤ የት ላይ እንደምትጠቁር፣ የት ላይ ጠመም እንደምትል፣ ብርድ ሲሆን እንዴት እንደምትሰፋ። «አለች» ይላል ሲጨርስ፣ ቀና ብሎም ይተነፍሳል። ንጋቷም ከጓዳ «ተመስገን» ትላለች፣ ሳትወድ።

ዘርአ ዳዊት ጥርሱን ይወዳት እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ይወዳታል። ክሱን ግን ይበልጥ ይወዳል። «እኔው ባወልቃት ክሱ ይፈርሳል፤ ራሷ ብትወልቅ ግን የእግዜር ሥራ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ በጣቱ አይነካትም፤ ለእግዜር መንገድ መክፈት ግን አልተወም። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ቆሎ አማረኝ አለ።

«ቆሎ ይቅርብዎ አለቃ። ንጋቷ በሶ በጥብጣለች።»

«በሶ የመንገደኛ ምግብ ነው። እኔ መንገደኛ ነኝ ወይ?»

«ገንፎ ይሁንልዎ።»

«ገንፎ የአራስ ነው። እኔ አራስ ነኝ ወይ? ደብተራ ተጠምቆ አድጎ ቆሎ የሚከለከልበት ሕግ የት ተጻፈ? አምጣና አሳየኝ።»

ታመነ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ቆሎውን አንድ በአንድ ራሱ ነክሶ ጠጠር እንደሌለው ይፈትናል፣ ከዚያ በድንጋይ ለሁለት ሰብሮ በመዳፉ ያቀርባል። ደብተራው «ሰው የነካካው» ብሎ መጀመሪያ ተጠየፈ፤ ኋላ ግን ለመደው፣ እንዲያውም ሲዘገይበት ያጉረመርማል። እምቢልታ ነፊ በገዛ ጥርሱ ጠጠር ሲያድን መዋሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ሞኝነት ነው። ንጋቷ ነገረችው። አልሰማትም፤ በዚያ ሰሞን በአንኮበር ዙሪያ ከዚያች ጥርስ በቀር ለታመነ የሚታየው ነገር አልነበረም።

ደብተራው ተኝቶም ሰላም አይሰጥም፤ ጥርሱን ያፋጫል። ንጋቷ ጨርቅ ጠቅልላ መንጋጋው መካከል ከተተችለት። ሲያስነጥስ ታመነ ሮጦ አገጩን ይይዛል። ማሕሌት ሲቆም ታመነ በኩታው ተጎትቶ አብሮ ይቆማል፤ ዜማውን አያውቀውም፣ ግን ጴጥሮስ የሚለው ስም ሲመጣ ያ ጴ ከከንፈር ፈንድቶ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ዓይኑን ይጨፍናል። የገና ዕለት ደብተራው ጎድን ይገባኛል አለ። ታመነ ሥጋውን ከአጥንቱ በጩቤ ልጦ፣ እንደ ጥጥ ዘርዝሮ አጎረሰው። ዘርአ ዳዊት እያላመጠ «እናቴ ከሞተች ወዲህ ያጎረሰኝ የለም» አለ። ወዲያው ደግሞ «ይኸ ግን ክሱን አይነካውም» ብሎ ጨመረ።

በአርባኛው ቀን ወሬ መጣ። ጦሩ ደብረ ብርሃን ደርሶ ሰፍሯል፣ ፊታውራሪም እዚያ ጥቂት ይቆያሉ። የሚቀበሏቸው እምቢልታ ነፊዎች ደብረ ብርሃን ይምጡ ተብሏል። ሁለቱ ጓደኞቹ ቀድመው ሄዱ፤ ታመነ ግን ከነጥርሱ፣ ከነደብተራው ነው የሚሄደው። ንጋቷ ስንቅ ቋጠረችላቸው፤ ለባሏ ከጾም የተረፈ ቆሎ፣ ለደብተራው በሶ። ዘርአ ዳዊት አሁን በእርግጥ መንገደኛ ነበርና በሶውን ተቀበለ።

ዳገቱን ወጥተው ሜዳው ላይ ሲደርሱ የጥር ነፋስ ተቀበላቸው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ለወሬ አይመችም። ብርዱ እንደነካው የዘርአ ዳዊት ጥርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላይኛው ከታችኛው ሲጋጭ ከሩቅ ይሰማል፣ በእያንዳንዱ ግጭት ታመነ ነፍሱ ትወጣለች። መንገድ ላይ የበግ ጠጉር የምትፈትል ሴት አገኘና ስለ እመብርሃን ብሎ አንዲት ጉርሻ የምታህል ጠጉር ለመናት። ያቺን ጠቅልሎ በደብተራው ጥርሶች መካከል ወተፋት። ግጭቱ ቆመ። ከግጭቱ ጋር ወሬውም ቆመ።

ያ መንገድ ከአርባው ቀን ሁሉ ደጉ ነበር። ሁለቱ በአንድ ቋጠሮ፣ ያለ አንድ ቃል ሄዱ። ወንዝ ሲሻገሩ ዘርአ ዳዊት ድንጋይ አዳለጠው፤ ታመነ እጁን ሰዶ ያዘው፣ ግን የያዘው አገጩን ነበር። የቀረው አካሉ እስከ ወገቡ ውኃ ገባ። ሲወጣ በጠጉሩ ውስጥ ብዙ ነገር አጉተመተመ። ታመነ የሰማው ግን የለም፤ «አፍዎን ይክፈቱ» ብሎ አየና «አለች» አለ። ከዚያ የራሱን ደረቅ ጋቢ አውልቆ አለበሰው፣ እሱ በኩታው ብቻ ሄደ።

ደብረ ብርሃን የደረሱት በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነው፤ አርባ ሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከፊታውራሪ በፊት ወጌሻውን አገኙት፤ ከሰፈሩ ዳር ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጉጠቱን በጨርቅ ይወለውላል። አጠገቡ ሁለት ወጠምሾች ቆመዋል፤ ሥራቸው በሽተኛ መጫን ነው። ገብረ ሕይወት በዘመቻው የስንት ወታደር ጥርስ እንደነቀለ ራሱም አያውቅ። ሕመምተኛ መጠየቅ አይወድም ነበር። «የታመመ አይናገርም፣ የሚናገር አልታመመም» የሚል አንድ ደንብ አለው። በዚህ ደንብ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ አልተሳሳተም፤ ወይም የተሳሳተባቸው መልሰው አልነገሩትም።

ዘርአ ዳዊት ሰው ሲያይ፣ ያውም ጆሮ ያለው ሰው ሲያይ፣ ጠጉሩን ከአፉ አውጥቶ ለታመነ አቀበለውና ንግግሩን ጀመረ። ሁለት ቀን የታመቀ ንግግር ነው። ታመነ በአንድ እጁ እምቢልታውን ይዟል፤ ሁለተኛው እጁ እንደ ልማዱ የደብተራው አገጭ ሥር ነው። ጠጉሩ ጭቃ ላይ ቢወድቅ ለመመለሻ ሌላ የለም። መሬት ሳይነካ የት ያስቀምጠው? በገዛ አፉ ያዘው፣ በአንድ ጉንጩ።

እንግዲህ ወጌሻው ቀና ብሎ ያየው ይህን ነው። አንድ ሽማግሌ ቆሞ ስለ ፍትሕና ስለ ተሰነጠቀች ጥርስ ይናገራል። አንድ ጎልማሳ ጉንጩ አብጦ፣ ዓይኑ በነፋስ እንባ አቅርሮ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ዝም ብሏል። አስታማሚና ታማሚ ከዚህ በላይ ሊለይ አይችልም።

ለወጠምሾቹ ዓይኑን ጠቀሰ። ታመነ በጀርባው ተኛ፤ አንዱ ደረቱ ላይ፣ አንዱ እግሩ ላይ ተቀመጠ፣ ቁራኛው ደብተራም በኩታው ተስቦ አብሮ ተንበረከከ፣ ንግግሩን ግን አላቋረጠም። ወጌሻው ጠጉሩን አውጥቶ ጣለ። ታመነ አሁን አፉ ባዶ ነው፤ ሊናገር ሲከፍተው ጉጠቱ ገባ። ከየትኛው ልጀምር ያለ አይመስልም፤ ብርሃን የወደቀባትን ላይኛዋን የፊት ጥርስ ያዘ። አልወጣችም። ጉልበቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሳበ። «ምን ዓይነት ሥር ነው» አለ እያላበው፤ «ይህን ጥርስ የያዘ ሕመም ቀላል አይደለም።» ሦስተኛው ላይ ወጣች። ነጭ፣ ሙሉ፣ እንከን የሌላት ጥርስ ናት።

ዘርአ ዳዊት ዝም አለ። በአረፍተ ነገር መካከል ነው ዝም ያለው፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«ያልተሰነጠቀች ናት» አለ ወጌሻው፣ ገልበጥ እያደረገ። «ስንጥቅ አለ አላላችሁም ነበር?»

«እኔ ላይ» አለ ዘርአ ዳዊት፣ እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ።

ታመነ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከመቀነቱ የብር ክሩን አውጥቶ ለወጌሻው ዘረጋለት፤ ለዚያ ነበር የመጡት። አፉ በደም ተሞልቶ መናገር አልቻለም። ያን ጊዜ አለቀሰ፣ በግልጽ አለቀሰ። አርባ ሦስት ቀን የደከመው ለዚህች አንዲት ጥርስ ነበር፤ እነሆ በሰው እጅ ላይ ናት።

ሰው ተሰበሰበ፣ ነገሩ ሳያድር ፊታውራሪ ወልደተንሣኤ ዘንድ ደረሰ። ፊታውራሪ ድንኳናቸው ፊት ተቀምጠው ነበር፣ ከዘመቻ የመጣ ድካም ፊታቸው ላይ አለ። «የእምቢልታ ነፊዬን አፍ ማን እንዲህ አደረገው?» አሉ። ታመነ አፉን በኩታው ይዞ ቆመ። ለመናገር ሞከረ፣ ከአፉ የወጣ ቃል ግን የለም።

«የሚናገርለት የለም?» አሉ ፊታውራሪ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ዘርአ ዳዊት ግራና ቀኝ አየ። ተናጋሪ ያጣ ክርክር ማየት ለሱ፣ ለሌላው ሰው ሕፃን ወደ ገደል ሲድህ እንደ ማየት ነው። ኩታውን አደገደገ።

«እኔ ልናገርለት» አለ።

«ከሳሹ አንተ አይደለህም ወይ?»

«ከሳሹም እኔ ነኝ፣ ተከሳሹም ሳልሆን አልቀርም። ይስሙኝ ጌታዬ። የመንገድ ዳኛ የፈረደው እንዲህ ነው፤ የኔ ከወለቀች የሱ ትወለቅ፣ የኔ ካልወለቀች የሱ አትነካ። የኔ ይችውና፣ አለች።» አፉን ከፍቶ አሳየ። «እንግዲህ ይህ ሰው ሳይረታ ከፍሏል። ሳይረታ የከፈለ ባለ መብት ነው። ጥርሱን ያጣው ደግሞ የኔን ጥርስ ሲጠብቅ፣ የኔን ጠጉር ይዞ፣ በኔ ቋጠሮ ታስሮ ነው። የወጌሻውን ዓይን ያሳሳተው የኔ ንግግር ነው፤ ዝም ብል ኖሮ ማን እንደታመመ ይታወቅ ነበር። አጥፊው እኔ ነኝ። ጥርስ ስለ ጥርስ ከሆነ ይህ ሰው ከኔ አንዲት ጥርስ ይፈልጋል፤ ያውም በዚያው ቦታ ያለችውን።»

ሃያ ዓመት ሲካሰስ እንዲህ አሳምሮ ተናግሮ አያውቅም። ሲጨርስ ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ፊታውራሪም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሱም በኩራት ቀና አለ። የራሱን ክስ በራሱ ላይ እንደ ረታ የገባው ቆየት ብሎ ነው።

«እውነትህን ነው» አሉ ፊታውራሪ። «ትነቀልና ትሰጠው።»

ገብረ ሕይወት ጉጠቱን ይዞ ቀረበ። ወጠምሾቹም ቀረቡ። ዘርአ ዳዊት አፉን ከፈተ፤ ሕግ ነውና። ጉጠቱ ከንፈሩን ሊነካ ሲል አንድ እጅ ከጎን መጥቶ አፉን ከደነው። የታመነ እጅ ነው።

«ልቀቅ» አሉ ፊታውራሪ። «ተፈርዶልሃል እኮ።»

ታመነ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ደሙን ወደ ጎን ተፋና ነፋስ በሚያልፍበት አፉ «አላስነካትም» አለ። «አርባ ሦስት ቀን ጠብቄያታለሁ። ቆሎ እየሰበርኩ፣ ጨርቅ እየጎዘጎዝኩ። ዛሬ ዓይኔ እያየ አትነቀልም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«ከተፈረደልኝማ የኔ ናት ጌታዬ። ትቀመጥልኝ፣ እዚያው።»

ፊታውራሪ ደብተራውን አዩ፣ እምቢልታ ነፊውን አዩ፣ ሳቅ ሲመጣባቸው በጋቢያቸው ሸፈኑት። «እንግዲያው አደራ ናት» አሉ። «አንተ ደብተራ፣ የሰው ጥርስ በአፍህ አለ። ብትጠፋ ከአንተ እፈልጋለሁ። ወጌሻ፣ እሰራት።» ገብረ ሕይወት በንጋቷ ቀለበት ክር ጥርሲቱን ከጎረቤቷ ጋር አሰራት፤ እጁ ግን ሲያስር የዋዛ አልነበረም፣ ቀጥ አድርጎ አጸናት። ከዚያ ፊታውራሪ በገዛ እጃቸው ቋጠሮውን ፈቱት። አርባ ሦስት ቀን የታሰረ ኩታ ሲፈታ ጫፉ ተጨማድዶ ቀረ።

በማግስቱ የፊታውራሪ መግቢያ ዜማ ተነፋ። ታመነ ከሁለቱ ጓደኞቹ መካከል ቆመ። ተራው ሲደርስ ነፋ፤ የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ቀርቀሃውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገው፤ ነፋስ ነው። ፊተኛውና ኋለኛው ድምፅ ተራርቀው ቆሙ፣ መካከላቸው ባዶ ሆነ። ታመነ እምቢልታውን ይሁኔ ለሚባል ለሌላ ጎረምሳ አቀበለው። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ እሱን በሳቅ ላልፈው አልፈልግም። ፊታውራሪ ግን ማገዶ ሻጭ አላደረጉትም፤ ነጋሪት መምታት ጥርስ አይጠይቅም ብለው ከኋላ መደብ አስቀመጡት፣ እዚያም ሲመታ ኖረ። ይሁኔ መካከለኛዋን ድምፅ ባወጣት ቁጥር የታመነ ከንፈር ሳያስበው ይሾላል።

ንጋቷ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ብላ ብዙ ጊዜ አላገጠችበት። ቀለበቴም ጥርስህም በሰው አፍ ይዞራሉ አለችው። ዘርአ ዳዊት ግን ተለውጦ ነበር። ግብዣ ላይ ቆሎ ሲቀርብለት እጁን ይሰበስባል። «አይቻለኝም፣ የሰው አደራ አለብኝ» ይላል። ብርድ ሲሆን ሳይነገረው ጠጉር ይጎርሳል። መካሰስም ቀነሰ፤ ለክርክር የሚሆነው አፍ የራሱ አልነበረማ።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ፣ ያለ ቋጠሮ፣ በገዛ እግሩ መጥቶ የታመነ መድረክ ላይ ይቀመጣል። አፍዎን ይክፈቱ እስኪባል አይጠብቅም፤ ከፍቶ ነው የሚመጣው። ታመነ ጎንበስ ብሎ ስንጥቋን ከላይ እስከ ታች፣ ብሩንም ከዳር እስከ ዳር ያያል። ቀና ሲል ምላሱ ሳይታወቀው በራሱ ክፍተት ውስጥ ያልፋል።

«አለች» ይላል።

ንጋቷም ገንፎውን ለሦስት ሰው ታወጣለች።